የሯጩን ቁስል ማን አሰረው?

ዓሣ አጥማጁ ሆጤሶ ሰውየውን ያገኘው መረቡን ሰብስቦ ጀልባውን ወደ ዳር ሲያስጠጋ ነበር። መጀመሪያ የሰከረ መሰለው። ደንገሉ ከሳሳበት ቦታ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው በጎኑ ተኝቷል። ከራሱ ሥር የታጠፈ ጃኬት አለ፤ ጭንቅላቱ በነጭ ፎጣ ተጠምጥሟል። ሁለት አባ ኮዳዎች ራቅ ብለው ቆመው ይጠብቃሉ። ሆጤሶ ወፎቹን አባሮ ሲጠጋ ፎጣው በአንድ በኩል ደም መጠጣቱን አየ፤ በአካባቢው የሚዞር ፖሊስ እስኪሰማው ጮኸ።

ሻምበል ተፈራ በፖሊስ ላንድሮቨር ሲደርስ ፀሐይ ከከተማው ጀርባ ብቅ እያለች ነበር። ተፈራ ከሐረር ተዛውሮ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ሰው ሲያናግረው ከፊቱ ይልቅ እጁን ማየት ይወዳል። አሁንም የሆጤሶን እጅ ተመለከተ። የመረብ ገመድ የበላው፣ እርጥብ እጅ ነው፤ ደም የለበትም።

«ፎጣውን አንተ ነህ ያሰርክለት?»

«እኔ አይደለሁም። እንዲህ ታስሮ ነው ያገኘሁት።»

«ጃኬቱንስ?»

«እሱንም አልነካሁም። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሽ እንዳለው ብቻ አየሁ። ከዚያ ጮህኩ።»

ከሰውየው ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ የቆየ መቅዘፊያ ወድቋል። ጠፍጣፋው ጫፍ ላይ ደምና ፀጉር ተጣብቆበታል። ሆጤሶ አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«የእኔ አይደለም» አለ ቶሎ ብሎ። «የተሰበረ ጀልባ ነበር፤ የሱ ነው። ሁልጊዜ እዚሁ ይጣላል።»

የተመታውን ሰው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገም። ትናንት ከሰዓት በኋላ የሀዋሳ ሕዝብ መንገድ ዳር ተሰልፎ ያጨበጨበለት ወልደጻድቅ ነው፤ በድርቁ ወላጅ ላጡ ልጆች እርዳታ ለማሰባሰብ ከሞያሌ ተነስቶ እስከ ደሴ ብቻውን የሚሮጠው የቀድሞ ወታደር። ስሙን ሬዲዮ በየቀኑ ይጠራዋል። ዛሬ ጠዋት ከባህል አዳራሹ ፊት ለፊት ተሸኝቶ ወደ ሻሸመኔ መሮጥ ነበረበት።

ተፈራ ጎንበስ ብሎ የሰውየውን እግር አየ። ሸራ ጫማ ተጫምቷል፤ ካልሲ የለውም። ከሹፌሩ ጋር ሆነው አንስተው መኪናው ውስጥ አስገቡትና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነዱ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቃሬዛ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። አንዲት ነርስ ራሷ እየገፋች መጣች። ውስጥ ሲገቡ አልጋው ተነጥፏል፤ ጋዙ፣ አዮዲኑ፣ መቀሱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል።

«ሥራችሁ ይደንቃል» አለ ተፈራ።

ነርሷ ፎጣውን መፍታት ጀመረች። ቀይ፣ ሰፊ ግንባር ያላት፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት።

ሐኪሙ ቁስሉን ሰፍቶ ሲጨርስ ተፈራን ወደ መተላለፊያው ጠራው።

«ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። ግን ይህን ፎጣ ያሰረው ሰው ባይኖር ኖሮ ደሙ ያልቅ ነበር። ጨርቁን አጥፎ ቁስሉ ላይ ጫነ፣ በአገጩ ሥር አዙሮ ጠበቅ አደረገ፣ ቋጠሮውን ከቁስሉ አራቀ። እንዳይታነቅ ደግሞ በጎኑ አስተኛው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ወታደር?»

«ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ማንም ሊሆን ይችላል።»

ተፈራ የሯጩን ጃኬት እያገላበጠ አሰበ። አንድ ሰው ከኋላ ሊገድል በሚችል ኃይል መታው። አንድ ሰው ደግሞ አድኖት ሄደ። ያዳነው ሰው ጥሩ ነገር ከሠራ ለምን ተደበቀ?

ወደ ክፍሉ ተመልሶ ነርሷን ጠየቃት።

«ሲስተር፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

«በሬዲዮ ሰምቻለሁ።»

«ትናንት አቀባበሉ ላይ ነበሩ?»

«የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ቀን ተኝቼ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ተራዎ አላለቀም?»

«በዚህ ሁኔታ ጥዬው እንዴት ልሂድ?» አለችና የበሽተኛውን የእጅ ትርታ መቁጠር ጀመረች።

ሯጩ ያረፈበት ሆቴል ከባህል አዳራሹ አይርቅም። አልጋ የምታነጥፈው ተዋበች ወሬውን ሰምታ እያለቀሰች ነበር።

«ትናንት ማታ ለእግሩ ሙቅ ውሃ በጨው አደረግሁለት። ጣቶቹን ብታያቸው፣ ሻምበል! ጥፍር የሚባል የለውም። ከመሮጡ በፊት አንድ በአንድ በፕላስተር ይጠቀልላቸዋል። ፕላስተሩን ካልጠቀለልኩ እርምጃ አልሮጥም ብሎኛል።»

«ዛሬ ጠዋት ጠቀለለ?»

«ፕላስተሩ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሳይነካው ነው የወጣ።»

«ስለዚህ ሊሮጥ አልነበረም የወጣው።»

ተዋበች እንባዋን ጠረገች። «ሰው ሊያገኝ ነው የመሰለኝ። ፊቱን ታጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገርም በብብቱ ይዟል።»

«ምን ነበር?»

«አላሳየኝም። ዛሬ ትልቅ ቀን ነው አለኝ። የሽኝቱን ነገር መስሎኝ እግዜር ይርዳህ አልኩት።»

ሐይቁ ዳር በጋዜጣ የተጠቀለለ ምንም ነገር አልተገኘም።

አቀባበሉን ያዘጋጀው የከተማው የስፖርት ጉዳይ ኃላፊ አቶ አለሙ ነው። ተፈራ ቢሮው ሲገባ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ አገኘው።

«እንዲህ ያለ አሳፋሪ ነገር በከተማችን!» አለ አለሙ ወንበር እያቀረበ። «የአገር እንግዳ!»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ትናንት፣ አቀባበሉ ሲያልቅ። ሆቴሉ በር ላይ ተለያየን። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

«ዛሬ ማለዳስ የት ነበሩ?»

«ባህል አዳራሹ። የሽኝቱን ባነር ስናሰቅል ነው የነጋብን።»

«ሊጎዳው የሚፈልግ ሰው ያውቃሉ?»

አለሙ ወደ በሩ ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ሰው መክሰስ አልወድም። ግን ነጋዴው ሙህዲን ትናንት ሱቁ ውስጥ ከዚህ ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። ለጓድ ባህሩም ነግሬያቸዋለሁ።»

ጓድ ባህሩ ማለት ከበላይ ተልኮ የከተማውን የፖለቲካ ሥራ የሚመራው ካድሬ ነው። ተፈራ ጣቢያው ሲመለስ ሙህዲን ታስሮ፣ ጓድ ባህሩም የተፈራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«ጉዳዩ አልቋል» አለ ካድሬው። «ከትናንት በስቲያ ነጋዴዎች ለእርዳታው ሲጠሩ ይህ ሰውዬ በሕዝብ ፊት ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹ሯጩስ ይሮጣል፤ እርዳታውን የሚጋልበው ማን ነው?› አለ። በድርቅ የተጎዳ ወገን ላይ መቀለድ! አብዮቱ ላይ መቀለድ! ከዚያ ሯጩን ተጣላው፣ ከዚያ መታው። ነገ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይላካል።»

«ቃሉን ልቀበል፣ ጓድ። ፋይሉ ሳይሟላ ቢሄድ ከላይ ጥያቄ ይመጣል።»

ጓድ ባህሩ ተነሳ። «እስከ ነገ ከሰዓት» ብሎ ወጣ።

ተፈራ መጀመሪያ የባህል አዳራሹን ዘበኛ አግኝቶ ስለ ባነሩ ጠየቀ።

«ባነሩ ትናንት ሳይመሽ ነው የተሰቀለው» አለ ዘበኛው። «ዛሬ ጠዋት እኔና ድመቷ ብቻ ነበርን። አቶ አለሙ? ኧረ አልመጡም።»

ሙህዲን ሽማግሌ ነው፤ ሀዋሳ ገና ጥቂት ቤቶች ሳሏት ሱቅ የከፈተ። በጠባቧ ክፍል ውስጥ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ቀልዱን አልክድም» አለ። «አፌ ነው ጠላቴ። ባለቤቴ ሁሌ ትነግረኛለች። ሰውየውን ግን በምን አንጀቴ እመታዋለሁ?»

«ጭቅጭቁስ?»

«ጫማ ሊገዛ መጣ። የሴት ልጅ ጫማ፣ ቀይ፣ ማሰሪያ ያለው። እኔ ደግሞ አልቀበልህም፣ ውሰደው አልኩት። ከሞያሌ ድረስ ለሰው ልጅ የሮጠን ሰው ዋጋ ልጠይቅ? እሱ እከፍላለሁ ይላል፣ እኔ ወላሂ አትከፍልም እላለሁ። ተጯጯህን። ያ ነው ጭቅጭቁ። መጨረሻ ላይ ብሩን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ሮጠ። ሯጭ ነው፣ እኔ የት እደርስበታለሁ?»

ተፈራ ሳይወድ ፈገግ አለ። «የሴት ልጅ ጫማ ለማን?»

«ስንት ዓመቷ ነው? ብዬዋለሁ፣ ልኩን ለማወቅ። ‹ስምንት ሳይሆናት አይቀርም› አለ። አባት ስለ ልጁ ዕድሜ ‹ሳይሆናት አይቀርም› ይላል እንዴ? ገረመኝ፤ ግን ዝም አልኩ።»

«ብቻውን ነበር?»

«ውስጥ ብቻውን ነው የገባ። አቶ አለሙ፣ የስፖርቱ፣ ውጭ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ግባ ሻይ ጠጣ ብለው እምቢ አለኝ።»

ተፈራ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አለሙ ሆቴሉ በር ላይ ተለያየን ነበር ያለው። ከኪሱ መሐረብ አወጣና እጁን ዘረጋ።

«ይህን ክንዴ ላይ ይሰሩልኝ። ደም እየፈሰሰኝ ነው ይበሉ።»

ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ መሐረቡን አራት ማዕዘን አጠፈ፣ ዙሪያውን ጠመጠመና ከላይ የጆሮ ቅርጽ ባለው ቋጠሮ አሰረው። የስኳር ጥቅል መሰለ። ተፈራ እጁን ወደ ታች ሲያደርግ ሁሉም ተፈቶ ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ ሯጩ መንቃቱ ተነገረው። ነርሷ አሁንም አጠገቡ ናት። ተፈራ ሲገባ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ሲነጋገሩ እንደነበር እርግጠኛ ነው። ውጭ እንድትቆይለት ጠየቃት። ስትወጣ በሩን አልዘጋችውም።

«ማን መታህ?»

ወልደጻድቅ ከንፈሩ ደርቋል። «ማንም አልመታኝም። ወድቄ ነው።»

«በጀርባህ?»

«አዎ። ድንጋይ ላይ።»

«ከዚያ ተነስተህ ጭንቅላትህን አሰርክ?»

«ይሆናል። ወታደር ነበርኩ፤ ማሰር እናውቃለን።»

«ከዚያ ደግሞ ጃኬትህን አውልቀህ፣ አጥፈህ፣ ከራስህ ሥር አድርገህ ተኛህ። ደም የነካው መቅዘፊያ ግን ከየት መጣ?»

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ።

«ቀዩ ጫማስ የት ሄደ?»

ዓይኑ ተከፈተ። ለአፍታ ያህል ፍርሃት ታየበት፤ የተመታ ሰው ፍርሃት ሳይሆን፣ የሌላ ሰው ምስጢር የያዘ ሰው ፍርሃት። «ምን ጫማ?» አለ።

ተፈራ ብዙ ውሸታሞች አጋጥመውታል። ሊገድለው ለሞከረ ሰው ብሎ የሚዋሽ ሰው ግን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህ ሯጭ ራሱ ምን ደብቋል? በሬዲዮ የሚሰማው ነገር ሁሉ እውነት ነው? ከሆስፒታሉ ሲወጣ ማንንም የማያምንበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሆጤሶ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘው። በደንገል ቅጠል የጠቀለለውን ነገር ፈትቶ አሳየው። አንድ ቀይ የልጅ ጫማ ነው፤ ሶሉ ገና አፈር አልነካም።

«ከቆሮሶ ዓሣ ጋር በመረቤ ወጣልኝ» አለ። «አዲስ ጫማ ማን ሐይቅ ይጥላል? ለዚያ ነገር ይሆናል ብዬ ነው።»

ተፈራ ጫማውን ይዞ ወደ ተዋበች ሄደ።

«አቀባበሉ ላይ ነበርሽ?»

«ከፊት ነው የቆምኩት።»

«ከልጆች ጋር ተነጋግሮ ነበር? ከሴት ልጅ ጋር?»

ተዋበች ትንሽ አሰበች። «አበባ የሰጠችው ልጅ አለች። ተንበርክኮ ተቀበላት። እጇን ግን ቶሎ አልለቀቀም። የእጇን አንጓ እያየ ‹ፀሐይ› አላት። ልጅቷ ፈርታ እጇን ነጥቃ ሮጠች። እኔ ፀሐይ ከበደው ብዬ ውሃ አቀበልኩት።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የአቶ አለሙ ነቻ። ሙሉዬ ነው ስሟ።»

የአለሙ ቤት በሽቦ አጥር የተከበበ ትንሽ ቪላ ነው። ግቢው ውስጥ ልብስ ተሰጥቷል። ከልብሱ መሃል አንድ የነርስ ነጭ ጋዋን ነበረ፤ ታጥቦም የታችኛው ዘርፉ ላይ የሐይቅ ጭቃ ቀለም አልለቀቀም። ተፈራ ቀረብ ብሎ ዘርፉን በጣቱ ዳሰሰ።

አለሙ በረንዳው ላይ ወጣ። ተፈራ ሳይናገር ቀዩን ጫማ የበረንዳው ግንብ ላይ አስቀመጠው። አለሙ አየውና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የመታሁት። ልጄን ሊወስድብኝ ነበር። ሌላ ማንም የለበትም።»

«በምን መቱት?»

«በዱላ... በመቅዘፊያ።»

«ከዚያስ?»

«ሮጬ መጣሁ።»

«ቁስሉን ማን አሰረው?»

«እሱም እኔው ነኝ» አለ አለሙ። ተፈራ አንገቱ ላይ የነበረውን ሻርፕ አውልቆ ሰጠው። «እኔን ይሰሩኝ እስቲ። እንዴት አድርገው እንዳሰሩት ያሳዩኝ።» አለሙ ሻርፑን ተቀብሎ በእጁ ያዘው፤ የትኛውን ጫፍ ወዴት እንደሚያደርግ ሳያውቅ ቆየና ፊቱን ሸፈነበት።

«ባለቤትዎ የት ነው የሚሠሩት፣ አቶ አለሙ?»

ተፈራ መልሱን አልጠበቀም። ሐይቁ ዳር ስልክ የለም። ላንድሮቨሩም በመንገድ ላይ አልቆመም። የቆሰለ ሰው እየመጣ መሆኑን ከሆጤሶና ከፖሊሶቹ ሌላ ማንም አያውቅም ነበር። አልጋው ግን ተነጥፎ፣ መቀሱ ተዘርግቶ ጠብቋቸዋል።

ነርሷ ሲስተር አስካለ፣ የአለሙ ባለቤት፣ የወልደጻድቅን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች ነበር። ተፈራ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ዛሬ ከሰዓት አንድ ሽማግሌ በዚህ ወንጀል ወደ አዲስ አበባ ይላካል» አለ ለሁለቱም። «ስሙ ሙህዲን ነው። ወንጀሉ መቀለድና ጫማ በነፃ ልስጥ ማለት ነው። ከሄደ ይመለሳል ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።»

ሯጩ ሊነሳ ሞከረ። «ወድቄ ነው አልኩ! ልቀቁት!»

«መውደቅህን ማንም አያምንም። እነሱ የሚያምኑት እሱን ፈርተህ ዝም እንዳልክ ነው።»

አስካለ ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ተይ» አለ ወልደጻድቅ። «ዝም በይ ብዬሽ አልነበር?»

«ሰው በእኔ ፈንታ ይሙት?» ወደ ተፈራ ዞረች። «በድርቁ ጊዜ ወሎ፣ መጠለያ ውስጥ ለሥራ ተልኬ ነበር። እናቷ እጄ ላይ ነው የሞተችው። ልጅቷ አምስት ዓመት አልሞላትም፤ እጇ ላይ እሳት የነካት ጠባሳ አለ። ‹አባቷ ወታደር ነው፣ ሰሜን ነው ያለው፣ ፈልጊልኝ› አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን አልፈለግኩትም። ስንት ወታደር ሞቷል አልኩ። ልጅ ወልጄ አላውቅም ሻምበል። ይዣት መጣሁ፣ ፀሐይ የሚለውን ስሟን ትቼ ሙሉዬ አልኳት፣ ማታ ማታ እቅፌ ውስጥ ነው የምትተኛው። አባት አለ ብዬ ማሰቡን ተውኩት።»

ወልደጻድቅ ጣሪያውን እያየ ቀጠለ።

«ቆስዬ ከጦሩ ስሰናበት የሚስቴን መቃብር አሳዩኝ። ልጅቷንስ ብል፣ አንዲት ነርስ ወደ ደቡብ ወስዳታለች አሉኝ። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ የጠየቅሁት ቢሮ ሁሉ ነገ ተመለስ ይላል። መሮጥ ብቻ ነው የምችለው። በመኪና ባልፍ ማን ያየኛል? ስሮጥ ግን በየከተማው ሕፃኑ ሁሉ ይወጣል፤ ሁሉንም አያለሁ። እርዳታውም እውነት ነው፣ ሻምበል። የእኔን ስፈልግ የሌላውም ይብላ ብዬ ነው። በየከተማው የልጆች እጅ እጅ እያየሁ እዚህ ደረስኩ።»

«አቶ አለሙ ነገሩን እንዴት ሰማ?»

«በአቀባበሉ ማግስት... አይ፣ በዚያው ከሰዓት ለብቻው ነገርኩት። ደነገጠ። ‹ነርሷን አገናኘኝ፣ ጩኸት አልፈልግም› አልኩት። ተራዋን ስትጨርስ ሐይቁ ዳር ትመጣለች አለኝ።»

«ተራዬ ሳያልቅ ወጣሁ» አለች አስካለ። «ልለምነው ነበር የሄድኩት። ጫማውን ዘርግቶ ‹ይሆናታል?› ሲለኝ አበድኩ። ነጥቄ ሐይቅ ውስጥ ወረወርኩት። እሱ አልተቆጣም። ‹እንግዲያው ትምህርት ቤቷ ሄጄ በስሟ እጠራታለሁ› አለና ዞሮ መሄድ ጀመረ። የሚሄደው ወደ እሷ ነው። መቅዘፊያውን መቼ እንዳነሳሁ አላውቅም። ሲወድቅ ያየሁት ደሙን ብቻ ነው። ከዚያ እጄ የሚያውቀውን ሠራ። አንገቱ ላይ በነበረው ፎጣ አሰርኩት፣ አስተኛሁት፣ ሮጬ መጥቼ አልጋውን አዘጋጀሁ። ቃሬዛውን በር ላይ አቁሜ ጋሪ ልልክለት ስወጣ የእናንተን መኪና አየሁ።»

«ሙህዲን በባልሽ ጥቆማ መታሰሩን ታውቂ ነበር?»

ይህ የመታት መሰለች። «አላውቅም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ይህን አላውቅም ነበር።»

ጋዋኗን አወለቀች፣ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ሻርፗን ለበሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ወልደጻድቅ ጠራት።

«ልጅቷን ዛሬ ማን ያበላታል?»

አስካለ ዞራ አየችውና ወጣች።

ጓድ ባህሩ ቃሏን ሲያነብ ደስ አላለውም፤ ‹አብዮት ቀልባሽ› የሚለው ቃል የትም ቦታ አልነበረበትም። ሆኖም የተጎጂው፣ የአድራጊዋና የባሏ ቃል አንድ ላይ ሲቀርብለት ሙህዲንን ከማሰናበት ሌላ መንገድ አጣ። ሽማግሌው ኮፍያውን ደፍቶ በጣቢያው በር ሲወጣ ምንም አልቀለደም። አለሙ ይቅርታ ሊጠይቀው ሱቁ ድረስ ሄዶ ነበር። ሙህዲን ሌሎቹን ደንበኞች አስተናግዶ ጨረሰ፣ ከዚያ አለሙ ቆሞ እያለ ሱቁን ዘጋ።

አለሙ ከኃላፊነቱ ተነስቶ በቅጣት ወደ ነገሌ ተዛወረ። ወልደጻድቅ በከዘራ እየተደገፈ ስለ አስካለ ምሕረት ቢጠይቅም እስራት አልቀረላትም። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ እንዳይሮጥ ከለከለው። የሰበሰበው እርዳታ ለልጆቹ ደረሰ፤ ሩጫው ግን ሀዋሳ ላይ ቆመ። አንድ ትምህርት ቤት ልጆች እንዲያሠለጥን ቀጠረው፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየ።

አለሙ ሲሄድ ልጅቷ እሱ ዘንድ ቀረች፤ መጀመሪያ ሰሞን ግን አታናግረውም ነበር። አንድ ቀን ተፈራ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ደጃፉ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኛቸው።

«እማዬን ለምን አሰሯት?» ትለዋለች።

«እኔ ስለቆሰልኩ።»

«አሁን ተሽሎሃል አይደል?»

«ተሽሎኛል።»

«ታዲያ ለምን አይፈቷትም?»

ወልደጻድቅ ወደ ተፈራ ቀና ብሎ አየ።

ከወራት በኋላ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ተፈራ ለሌላ ጉዳይ ወህኒ ቤቱ ሄዶ ነበር። በሩ ላይ ጠያቂዎች ስንቅ ይዘው ተሰልፈዋል። በሰልፉ መሃል ረጅሙን ሰው አየው። በአንድ እጁ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን፣ በሌላው ልጅቷን ይዟል። ልጅቷ ፀጉሯ በደንብ ያልተሠራ፣ ሹሩባዋ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ነው፤ የወንድ እጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ተፈራ ሊጠራው አሰበና ተወው።

ተራቸው ደረሰ። ዘበኛው አዲስ ነው፤ አያውቃቸውም።

«ማንን ነው?»

«አስካለን። ነርሷን።»

«አንተ ምኗ ነህ?»

ከኋላ ያሉት ሰዎች ቶሎ በል ማለት ጀመሩ። ልጅቷ ቀና ብላ አፉን ታያለች።

«የልጄ እናት ናት» አለ።

ዘበኛው በሩን ከፈተላቸው።